የአቶ ይሻው ዘውገና የአልቃሿ ባዝራቸው ታሪክ

አቶ ይሻው ዘውገ ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ በላይነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሁን አለሙ በመስከረም ወር 1954 ዓ.ም. በፋርጣ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ተወለዱ። እናታቸው ያጫውቱን እንደነበረው፣ ምጥ የያዛቸው ከገበያ ሲመለሱ በበቅሎ ላይ ሳሉ ነው። በቅሎዋ ያለወትሮዋ ቀስ ብላ ስለተራመደች ሕፃኑ ቤት ደርሶ በሰላም ተወለደ። ሟች ለጋማ ከብት የነበራቸውን አድልዎ የጀመሩት ከዚያን ዕለት እንደሆነ ቤተሰቡ ያምናል።

አባታቸው ልጃቸው ቄስ እንዲሆኑላቸው ተመኝተው ለየኔታ ሙላቴ ሰጧቸው። ፊደሉን ቆጠሩ፣ ዳዊቱንም እስከ መሀሉ ዘለቁ፤ ልባቸው ግን የየኔታ በቅሎ ዘንድ ነበር። በቅሎዋ ባነከሰች ጊዜ ከሰኮናዋ እሾህ ነቅለው አዳኗት። የኔታም አባትየውን አስጠርተው፣ ልጁ መጠራቱን ተጠርቷል፣ የተጠራው ግን እኛ ወዳሰብንለት አይደለም አሏቸው።

ስለዚህ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተዛውረው በደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። ቀጥሎም በእንስሳት ጤና ሠልጥነው በ1975 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ትምህርቱ በአመዛኙ ስለ ላምና ስለ በግ ነበር፤ ሟች ግን ስለ ፈረስ ካልሆነ እጃቸውን አያወጡም ነበር ይባላል። ከዚያም ሐሙሲት ተመድበው ለሃያ ዓመት በግብርና ባለሙያነት አገለገሉ።

ጥር 1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፋሲካ ኪዳኔ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በሠርጋቸው ዕለት መንገድ ላይ የሚዜያቸው ፈረስ ሲያነክስ አይተው፣ በሙሽራ ልብሳቸው ቁጢጥ ብለው ሰኮናውን ሲጠርጉ ሰዓቱ አለፈ። የሙሽራዋ ወገን ሙሽራው ቀረ ብሎ ሊበተን ሲል ደረሱ። ይህን የምጽፈው የሙሽራዋ ወንድም ዮናስ ነኝ፤ የዚያን ዕለቱን ቀዝቃዛ ወጥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ትዳራቸው ግን በሁለት ሴቶች ልጆች፣ በሶስናና በርብቃ ተባርኮ ጸንቷል።

በ1995 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀው በደብረ ታቦር ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ የፈረስ ሕክምናና ኪራይ ቤት ከፈቱ። ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ሲመጣ ፈረሱን ያክማሉ፣ ባለቤቱን ይቆጣሉ። ሰላምታ እንኳ ፈረሱ ይቀድም ነበር። ኮርቻውንና ልጓሙን የሚሠሩላቸው የልብ ወዳጃቸው አቶ ኑሩ ነበሩ።

ሟችን ያስጠራቸው ግን የለቅሶ ፈረሳቸው ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በለቀስተኛው መሀል ይጎተታል። ጊዜው ተለወጠና ትልልቁ ሰው ሁሉ ባለ ባጃጅ ሆነ፤ ባጃጅ ሸልሞ መጎተት ደግሞ አያስለቅስም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጋሼ ይሻው ይመጣ ጀመር። ዳሚት የተባለችው ባዝራቸው በሕይወት ዘመናቸው ፈረስ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ለነበሩ ሰው ሳይቀር እንደ ጌታዋ አልቅሳለች። ለቅሶው ሲጋጋል መሀል ገብታ በሟቹ ልጅ ትከሻ ላይ አንገቷን ትጥላለች፤ ያን ጊዜ ዕንባውን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ምስጢሩን ዛሬ እንድናገር ሟች ፈቅደውልኛል። አቶ ኑሩ ከሐዘንተኛው ኋላ ቆመው በመዳፋቸው አሞሌ ጨው ይይዙላት ነበር።

አንድ ጊዜ አንበሳሜ ላይ ይህ ዘዴ ተበላሸ። ዳሚት ሐዘንተኛውንም አቶ ኑሩንም ትታ፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ በኖረ ጎረቤት ትከሻ ላይ አንገቷን ጣለች። ሰውየው ጨው ነጋዴ ነበርና ጋቢው ሁሉ ጨው ጨው ይላል። ለቀስተኛው ግን ፈረሲቱ በደሉን አወቀችበት ብሎ አጉረመረመ። ሰውየው ተንሰቅስቆ አለቀሰና እዚያው በሽማግሌዎች ፊት ድንበሩን ለሟቹ ልጆች መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ዳሚትን ለዕርቅ ጭምር ይጠይቁ ጀመር።

ጋሼ ይሻው በዚህ ሲስቁ ከርመው፣ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ያዛቸው። በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ጠሩንና እንዲህ አሉን፦ «ያን ሁሉ ሰው በጨው አስለቅሳለች። እኔን ትወደኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። የእኔ ቀን ኮርቻም ጨውም እንዳታሳዩዋት።» ወይዘሮ ፋሲካ፣ ዳሚት ድርቆሽ ፍለጋ ሄዳ በሰው ፊት ታዋርደናለች ብለው ተጨነቁ። ያን ቀን እርሳቸው ራሳቸው ሊያዩት እንደማይችሉም ቢያስታውሷቸው፣ እናንተ ታዩልኛላችሁ አሉ።

ሐኪም ዕረፍት አዝዞላቸው ነበር። ለጋሪ ፈረስ ሁሉ ዕረፍት ሲያዙ የኖሩት ሰው ለራሳቸው ግን እሺ ሳይሉ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ቤቱን የተረከበችው ሶስናና እህቷ ርብቃ፣ አቶ ኑሩና የከተማው ባለጋሪዎች በሐዘን ላይ ናቸው። እኔም ወንድሜን አጥቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለቅሶው ሲጀመር ዳሚትን ያለ ኮርቻ ለቀቅናት። በቀጥታ ወደ አቶ ኑሩ ሄዳ ሁለቱንም እጆቻቸውን አሸተተች፤ በሳሙና ታጥበው ነበር። ቀጥላ ፊቷን ወደ ማብሰያው ድንኳን አዞረች፤ ወይዘሮ ፋሲካ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ዳሚት ድንኳኑን አልፋ፣ ጋሼ ይሻው ተቀምጠው ሰኮናዋን ይጠርጉላት የነበረችው በርጩማ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ባዶዋን በርጩማ አሸተተችና አንገቷን ደፋች። አቶ ኑሩ አንጀታቸው አልችል ብሎ ከማብሰያው ድንኳን ጨው አምጥተው ዘረጉላት፤ ፊቷን አዞረች። ይህን ስጽፍም እዚያው ቆማለች።

የተጫነውን ሲያሳርፉ ኖረዋልና እግዚአብሔር እርሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ጋሼ ይሻው፣ አይተንልዎታል። ትወድዎታለች።