በባሕሩ በኩል ያለው ትከሻ

ለድሮ እጮኛዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ ግራ እግርህን ሳብ ስታደርግ በመስኮቴ አይቼሃለሁ። ወገብህስ? ትከሻህስ? ሽሙጥ መሰለህ አይደል? አይደለም። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቼ ጤናህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው። በዚህ ዓለም ላይ የጉልበትህንና የትከሻህን ደህንነት ከእኔ የበለጠ የሚመኝ ሰው የለም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ስለ እኔ ከጠየቅህ፣ መቼም አልጠየቅህም፣ ግን ደብዳቤ ነውና እንደጠየቅህ ልቁጠረው፤ ዶሮዎቼን ለአትራክታ ሰጥቻለሁ። ፖስታ ቤቱን የያዘችው ጎረቤቴ፣ ታውቃታለህ። ድመቷ በራሷ ጊዜ ዓሣ አጥማጁ ኮልማን ቤት ገብታለች፤ የሚያዋጣትን አውቃለች። ጎልዌይ ከተማ ያለው ሐኪም የሚለውን ብሎኛል፤ እኔም አዳምጬ፣ አመስግኜ፣ በአውቶቡስ ተመልሻለሁ። ዘንድሮ ድንች አልተከልኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከወር በፊት ከአንተ አንድ ወረቀት ደረሰኝ። በታይፕ የተመታ፣ ከግርጌው ፊርማህ ያለበት። የከተማችንን መልክዓ ምድርና ታሪክ ለእንግዶች እንድጽፍ የከተማው ኮሚቴ ስላዘዘኝ፣ አንተም የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነህና፣ «የአሸዋው መንገድ በካርታው ላይ ባይገባ ይመረጣል፤ አፍንጫው የግል ይዞታ ነው» ብለሃል። ይመረጣል! እኔ ለዚህ ከተማ ልጆች አርባ ዓመት መልክዓ ምድር ያስተማርኩ ሴት ነኝ። አንተም ብትሆን እዚያው ትምህርት ቤት አጠገቤ ተቀምጠህ ካርታህን ከእኔ ደብተር ነበር የምትገለብጠው። እንግሊዝ አገር ሄደህ የሰው ቤት ስትገነባ ረስተኸው ከሆነ፣ ና ቁጭ በልና እንደ ልማድህ ገልብጥ።

ጻፍ። ከተማችን ፖርትናሊን ላይና ታች ናት። ላይኛው ሰፈር ሱቁ፣ ባንኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የሐኪሙ ቤት ነው። ታችኛው ሰፈር ሃያ ሰባት ቤት፣ አንድ ወደብ፣ አንድ መጠጥ ቤት ነው፤ አንተም እኔም የተወለድንበት። ከወደቡ በስተ ምዕራብ ኮረብታው ባሕር ውስጥ ተዘርግቶ ይገባል፤ አፍንጫው የምንለው እሱን ነው። አናቱ ላይ ጣሪያ የሌላት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋን ሙታኖቻችን ተኝተዋል። አባትህ እዚያ ነው። ከወደቡ እስከ አፍንጫው ያለው ቦታ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ ነው፤ ሲሸሽ አሸዋ ነው። ሬሳ ተሸክሞ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ወደ መቃብሩ ሌላም መንገድ አለ፤ ከላይኛው ሰፈር ተነስቶ በኮረብታው ጀርባ የሚዞረው፣ መኪና የሚሄድበት። የታችኛው ሰፈር ሬሳ ግን በዚያ አይሄድም። አይሄድም ነበር።

ለምን እንደሆነ ደግሞ በታሪክ ክፍል ጻፍ። ድንቹ በበሽታ በጠፋበት በታላቁ ረሃብ ጊዜ፣ አሁን አንተ የምትተኛበትን ትልቁን ቤት የያዘው ባለርስት ለተራበው ሕዝብ ሥራ ሰጠሁ ብሎ ያንን የኮረብታ መንገድ አስጠረገ። ድንጋይ ለሰባበረ በቀን አንድ ጭልፋ የበቆሎ ገንፎ። ገንፎውን ሳይቀምሱ የወደቁትን እዚያው ጠርዙ ላይ አፈር አለበሷቸው፤ ከሃያ ሰባቱ ቤት ሰው ያልቀበረበት አልነበረም። የገንፎ መንገድ የምንለው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የታችኛው ሰፈር ሰዎች በሕይወታችን ብንሄድበትም በሞታችን አንሄድበትም አሉ። የቀብሩን ቀንና ሰዓት ውሃው ይወስናል፤ ቄሱም ይጠብቃል፣ ሬሳውም ይጠብቃል። ባሕሩ ሲሸሽ አራት ሰው በትከሻው አንስቶ በአሸዋው ያሻግራል። ይህን አሁን ስጽፍልህ አፍራለሁ፤ አንተ የማታውቀው አንድም ነገር የለበትም።

ጻፍ፣ አልጨረስኩም። አሸዋው አልቆ አፍንጫው በሚጀምርበት ቦታ የድንጋይ ክምር ነበረ። ተሸካሚዎቹ ሬሳውን እዚያ አሳርፈው እያንዳንዳቸው ከባሕሩ ዳር ያነሱትን አንዳንድ ድንጋይ ለሟቹ ይጥሉበታል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተከመረ ነው። አባትህ የሰመጠ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። አንተ ለመሸከም ትንሽ ነበርክ፤ ግን እናቴ እጅህን ይዛ ወስዳህ አንድ ነጭ ድንጋይ አስጣለችህ። ነጭ መሆኑን አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድህም አልጋህም እኛ ቤት ሆነ።

ከሦስት ዓመት በፊት በሚያብረቀርቅ መኪና ስትመለስ፣ ትልቁን ቤት ስትገዛ፣ አፍንጫውን ስታጥር ምንም አላልኩም። ሰፈሩ «አይዞሽ፣ ይመጣል፣ ደጅሽን ያንኳኳል፣ ሚስቱም ሞታለች አሉ» ሲለኝ በጓዳዬ ስቄያለሁ። ያ የብረት በር ሲተከል ግን ልየው ብዬ ሄድኩ። በግራና በቀኝ የቆሙትን ምሰሶዎች አየሁ። ክምሩ የለም። ነጯ ድንጋይ በቀኙ ምሰሶ ላይ፣ ከመሬት አራተኛው ረድፍ ላይ፣ በሲሚንቶ ተለጥፋ አለች። ሠራተኞቹ ናቸው ትለኝ ይሆናል። አንተ ቆመህ ታሠራ ነበር፤ ኮልማን ከጀልባው ላይ አይቶሃል።

ቢሆንም ያኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ኅዳር ነበር።

እናቴ በኅዳር በዘጠና አንድ ዓመቷ ሞተች። በአዲሱ ግንብህና በአዲሱ የመሬት ውልህ በኩል ለማለፍ የመጀመሪያዋ ሬሳ እሷ ነበረች። ቀድመን በአትራክታ በኩል መልእክት ላክንብህ፤ መልስ አልሰጠህም። ዝም ማለቱ እሺ ማለቱ ነው ብለን ተነሳን። ኮልማን ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ቄሱ ካባውን ሰብስቦ፣ እኔ ከሬሳው ቀጥሎ። በሩ ላይ ስንደርስ ቁልፉን በእጅህ ይዘህ ከውስጥ ቆመሃል።

ኮልማን «ክፈት እንጂ ሰውዬ፣ ከበደን እኮ!» አለህ። አንተ «በጎቹ ሊወልዱ ነው፤ አይረበሹብኝ» አልክ። «በጎችህ ሬሳ አይተው አያውቁም? በየእሑዱ አንዱን ቀርጥፈህ የምትበላው አንተ አይደለህም እንዴ!» አለ። ቄሱ ለመነህ። ኮልማንም በመጨረሻ ቀልዱን ትቶ «ኧረ በማርያም፣ ይቺ ሴት እኮ በሾርባዋ ያሳደገችህ ናት» አለህ። አንተ ያኔ ወደ ብረቱ ጠጋ ብለህ፣ እኔ የማልሰማ መስሎህ፣ ዝቅ አድርገህ «አንድ ሬሳ ካለፈ መንገዱ የእኔ መሆኑ አበቃ፤ አንተም ታውቀዋለህ» አልከው። ሰምቼሃለሁ።

ውሃው ተመልሶ ቁርጭምጭሚታችን ላይ እስኪደርስ ቆምን። ከዚያ ዞርን። መሃሉ ላይ ውሃው ወገብ ስለደረሰ፣ ሣጥኑ እንዳይረጥብ ሰዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተሸክመው፣ እየተደናቀፉ መለሷት። ወደቡ ላይ ያለችው መኪና የዓሣ መጫኛዋ ብቻ ነበረች። ስልሳ ዓመት የሰው ዓሣ ስታጥብ የኖረች እናቴ በማኬሬል ዓሣ ሽታ መካከል፣ በገንፎ መንገድ፣ የአያቷ ወንድሞች በተቀበሩበት ጠርዝ ላይ እየተንገጫገጨች ሄደች። ድንጋይ የጣለላት የለም። ጠላሁህ። ስትተወኝ እንኳ አልጠላሁህም ነበር፤ ያን ቀን ግን አጥንቴ ድረስ ጠላሁህ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ካስልባር ወርጄ ጠበቃ አነጋገርኩ። ሳቀብኝ። «እመቤቴ፣ ሬሳ ያለፈበት መንገድ አይዘጋም የሚለው የአሮጊቶች ወሬ ነው፤ ፍርድ ቤት አይሰማዎትም» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሕጉ አይበለው፤ ምን ቸገረኝ? የሚያምን አንድ ሰው ይበቃኛል፤ ያ ሰው ደግሞ ቁልፉን የያዘው ነው። አባቱ ሰምጦበት በሃያ ሰባት ቤት መካከል ያደገ ሰው፣ ለንደንን ሙሉ በሲሚንቶ ቢለስን ይህ ከውስጡ አይወጣም።

ከእናቴ ወዲህ ከታችኛው ሰፈር የሞተ ሰው የለም። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ግን ቄሱም፣ አትራክታም፣ ኮልማንም ያውቃሉ። አንተም ይህን ደብዳቤ ስትይዝ ደወሉን ሰምተህ «የማን ነው?» ብለህ ጠይቀህ ይሆናል።

እንግዲህ ጉልበትህን የጠየቅሁበት ምክንያት ይኸው። በእኛ ሰፈር ተሸካሚዎቹን የሚመርጠው ሟቹ ነው፤ ቄሱ ስማቸውን በቅዳሴው መጨረሻ ላይ ያነባል። ስሙ ተጠርቶ እምቢ ያለ ሰው አልነበረም። እምቢ ያለ ሰው የራሱን የሚሸከምለት አያገኝምና። ሦስቱን ስሞች ለቄሱ ሰጥቻለሁ፤ ኮልማን አንዱ ነው። አራተኛው አንተ ነህ። ቦታህ ከፊት ነው፤ በባሕሩ በኩል፣ በጭንቅላቱ ወገን። ያ ቦታ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። የባል ነው። ባል የለኝም፤ እንዳይኖረኝ ያደረግኸው አንተ ነህ። «ለቅድስት ብሪጅድ በዓል እመለሳለሁ» ብለህ በመርከብ ስትሄድ ቀለበቱን በእጄ ላይ ትተህ ነበር። አላወለቅሁትም። ታማኝነት እንዳይመስልህ፤ መጀመሪያ እልህ ነበር፣ ኋላ ጣቴ አበጠና አልወጣ አለኝ። አትራክታ በሳሙና ላውልቅልሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተይው አልኳት።

አሁን ምርጫው ያንተ ነው። ስምህ ተጠርቶ ባትመጣ፣ ሦስቱ እኔን በገንፎ መንገድ ይወስዱኛል፤ እናቴ የሄደችበት ነውና አልከፋም። አንተ ግን ከዚያ በኋላ አፍንጫህ ላይ ተቀምጠህ ጠብቅ። አባትህ ጎን ልትቀበር ነው ያን ሁሉ መሬት የገዛኸው፤ ለቄሱ እንደነገርከው ሰምቻለሁ። ማን ይሸከምሃል? ከሃያ ሰባቱ ቤት ማን ትከሻውን ይሰጥሃል? ለንደን ያሉት ልጆችህ ሰው ቀጥረው ይልኩልህ ይሆናል።

ብትመጣ ደግሞ ቁልፉ በአንተ ኪስ ነው። ሬሳው ትከሻህ ላይ እንዳለ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ በሩን በገዛ እጅህ ትከፍታለህ። ስታልፍ አንድ ሬሳ አለፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የማን እንደሆነ ለኮልማን ራስህ ነግረኸዋል። ካርታዬ ከማተሚያ ቤት ሲመለስም ከወደቡ እስከ መቃብሩ አንድ ቀይ መስመር አለበት፤ በርህን በመሃሉ ቆርጦ ያልፋል። ሁለቱንም አስቤ አስቤ ሳቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሆዴ ሳቅሁ።

ሁለት ድንጋይ ከባሕሩ ዳር ይዘህ ና። የመጀመሪያዋን ለእናቴ ጣልላት። ሁለተኛዋን እንደፈለግህ።

የቀብሬን ቀን አላውቀውምና ከስሜ በታች ቦታ ትቻለሁ፤ አትራክታ ትሞላዋለች። እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ወገብህን ያበርታልህ፣ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልህ። አልከብድህም፤ ከኅዳር ወዲህ በጣም ቀልያለሁ።

የድሮ እጮኛህ

ጌታዬ፤ ይህንን ቦታ እንድሞላ ያዘዘችኝ እሷ ናት። ቀብሩ ዛሬ ሐሙስ ነው። ውሃው የሚሸሸው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቄሱ ስሞቹን አንብበዋል። ሦስቱ መጥተው ከደጇ ቆመዋል። ቀለበቱ እንዳለ ነው።

ጎረቤቷ