የእድራችንን ገጽ ሞቷል ብለው ላጠፉልን ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ፀሃዬ፣
ኡራኤል አካባቢ ለሚገኘው የዲጂታል ሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ተግተው የሚያጸዱት ሰርቨርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልቤ ብቻ ተሰብሯል፣ እሱ ደግሞ ማዕከሉን አይመለከትም።

ካላስታወሱኝ ልደት ሃይለአብ እባላለሁ፤ የካዛንቺስ ልጅ፣ የማዕከሉ የቀድሞ ሠልጣኝ። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠሩ ሶፍትዌሮችን፣ የድረ ገጽ ማዘጋጃዎችንና መልእክት በአንዴ ለብዙ ሰው የሚልኩ አገልግሎቶችን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ እውነት ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ። ለመመረቂያችን የሰው ችግር የሚፈታ ነገር ሥሩ ሲሉን ጓደኞቼ የጫማና የሽቶ መሸጫ ገጽ ሠሩ፤ እኔ ሞኟ ቃልዎን እንዳለ ወስጄ ለሰፈሬ እድር ገጽ ሠራሁ።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ተበትኖ አንዱ ጎተራ፣ አንዱ ቄራ፣ አብዛኛው ገላን ጉራ ገባ። ጡሩምባ ቢነፋ የሚሰማበት ሰፈር ስላልቀረን፣ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ገብረክርስቶስ የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ገጹ ላይ ሲጽፉ ለአባላቱ ሁሉ በስልካቸው መልእክት ይደርስ ጀመር። ገጹን ያቆምኩት እርስዎ ለተመራቂዎች በፈቀዱልን የማዕከሉ ሰርቨር ላይ ነበር። የዕድሜ ልክ ስጦታ ነው ብለውን ነበር፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ገጹን ከማጥፋትዎ በፊት ማስጠንቀቂያ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ማስጠንቀቂያው የተላከው ማዕከሉ በሰጠኝ ኢሜይል ሲሆን፣ ያንን ኢሜይል በተመረቅን ማግስት የዘጋው ደግሞ ራሱ ማዕከሉ ነው። ለሥርዓት ያለዎትን ክብር ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ. ገጹ የጠፋው ለወራት አዲስ ይዘት ስላልገባበት፣ ማለትም የሞተ ገጽ ስለሆነ ነው ተብሏል። ልክ ነው፣ ምንም አልገባበትም። ክቡር ሆይ፣ የእድር ገጽ ዝም ካለ ሰው አልሞተም ማለት ነው። በእነዚያ ወራት እኛ ስልካችን ዝም ባለ ቁጥር ተመስገን እንል ነበር። ኋላ፣ መጥፋቱን ካወቅን ወዲያ፣ ከጋሽ ገብረክርስቶስ ጋር ቢሮዎ ድረስ መጥተን ስንለምንዎም፣ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር ፖስት ማድረግ እንደነበረብን በትሕትና መክረውናል። ምክርዎን ለእድሩ ጉባኤ አቅርቤያለሁ፤ በየሳምንቱ ማን ይሙት በሚለው ላይ ግን እስካሁን ፈቃደኛ አልተገኘም።

3ኛ. ይህኛውን እንደ ሁለቱ አሳምሬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጋሽ ተከስተ ሞቱ። እርስዎ አያውቋቸውም። ካዛንቺስ ውስጥ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ቀድመው ደርሰው ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ነበሩ። የእኔ አባት የሞተ ቀን፣ ልጆቹ እንዳይረጥቡ እያሉ፣ እሳቸው በዝናብ እየበሰበሱ ካስማ ሲመቱ አይቻለሁ።

ጋሽ ተከስተ ባረፉበት ጠዋት ጋሽ ገብረክርስቶስ እንደ ልማዳቸው ገጹን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። እዚህ አገር የማይከፈት ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው፤ እሳቸውም ኔትወርክ ነው ብለው ወደ መስኮት ተጠጉ፣ ደጅ ወጡ፣ ስልካቸውን አጥፍተው አበሩ፣ ደግሞ ጠበቁ። የአባላቱ ስልክ ቁጥር ያለውም እዚያው ገጽ ላይ ነበር። በመጨረሻ ለእኔ ደውለው ነገሩ ሲገባን ሬሳው ከቤት ወጥቷል።

የደረስነው ጥቂት ነበርን። ሬሳውን በመሸከም ያገዙን ለሌላ ሰው ቀብር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመጡ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ያን ሁሉ ሰው የቀበሩ ሰው እንግዳ ተሸክሟቸው መቃብር ገቡ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ አልጮኹም፣ ደረት አልመቱም፤ ጎረቤቱ ይመጣል ብለው ወደ በሩ ብቻ ያያሉ። ኋላ እጄን ያዙና፣ “ምን በድለናቸው ነው ልጄ?” አሉኝ።

ጎረቤቱማ ኋላ ሰምቶ ከያለበት እያለቀሰ መጥቷል። ገጹ ጠፍቶ ነው ብለን ሁላችንም እትዬ የሻረግን አስረድተናቸዋል። እሺ ይላሉ፤ አያምኑም። ለቅሶ ብድር ነው፣ ሰው ከለቅሶ የሚቀረው ሲቀየም ነው ብለው ያደጉ ሴት ናቸው። ይኸው የማንን ለቅሶ ሳንደርስ ቀርተን ይሆን እያሉ የሠላሳ ዓመት ጉርብትናቸውን ሲበረብሩ ይውላሉ፤ ባላቸውን እንኳ በቅጡ አላለቀሱም።

ከቀብሩ በኋላ ቢሮዎ ስንመጣ ገጹ ሊመለስ እንደማይችል ስለነገሩን ስለ ገጹ አልለምንዎትም። የምለምንዎ ገላን ጉራ ድረስ መጥተው፣ እትዬ የሻረግ ፊት ቁጭ ብለው፣ ሰው አልጠላዎትም፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እንዲሉልኝ ብቻ ነው። የእኔን ቃል ባያምኑ የእርስዎን ያምኑ ይሆናል፤ ኃላፊ ነዎት፣ ከረባት ያስራሉ።

ለሥልጠናው፣ በወርቃማ ቀለም ለታተመው የምስክር ወረቀትና ለሰርቨሩ ንጽሕና ያለኝን ወሰን የለሽ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሰው ችግር ፍቱ ሲሏት የምር የመሰላት ታዛዥ ሠልጣኝዎ፣
ልደት ሃይለአብ፣ ካዛንቺስ ከነበሩት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእትዬ የሻረግ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና ለመሆኑ ሰውዬው እድር አላቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። “ከሌላቸው እኛ ዘንድ አስመዝግቢያቸው” አሉኝ፤ “ማንም እንደ ተከስተ አይቀበር።”