ዛፉን ላነሳ ስንጋለል

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ክብሬን ግን እንጃ። ትናንት አንድ ቤተ መጻሕፍት ግቢ ውስጥ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ አገኘሁ፤ ከበላዩ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው። ከነቁመቱ ፎቶው ውስጥ አልገባ ቢለኝ ካሜራዬን ይዤ እንደ ባለሙያ መሬት ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳነጣጥር ዘበኛዋ "ኧረ ሰው ወደቀ!" ብላ ሮጣ መጥታ አንድ ጆግ ውሃ ፊቴ ላይ ቸለሰችብኝ። "ፎቶ እያነሳሁ ነው!" ብላት "እየቃዠ ነው!" ብላ ጫማዬን አወለቀችልኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን "ስንት ጠጥቶ ነው?" ብለው ያልፉኝ ነበር። ፎቶው ላይ ዛፉ የለም፤ በድንጋጤ የካሜራውን ቁልፍ ስጫነው የወጣው የእሷ የተጨነቀ ፊት ነው። ከዛፉም አስበልጬዋለሁ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ ወደቀ እንዳትላቸው፣ ተጋደመ በላቸው።