የትከሻዬ ካሳ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን

የኔ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺን ለማጽናናት የምለው እንዳይመስልሽ። ስልክ ስደውል አታነሺም። እናቴን በመርፌ የጎዳኋት እኔ ነኝ ብለሽ ድምፄን መስማት እንደከበደሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብሽ።

የክትባቱ ጉዳይ አለቀ። ትናንት በክትባት ለተጎዱ ካሳ የሚከፍለው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፈረምኩ። ወረቀቱ «የጉዳቱ መንስኤ ሳይወሰን በስምምነት ተዘግቷል» ይላል። ጠበቃዬ፣ እኔ «አይቸኩሌ» የምለው፣ ሦስቴ አነበበልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፊቱን ሳያጠቁርብኝ፣ ደረጃውን ስወጣ ቦርሳዬን እየያዘልኝ እዚህ አደረሰኝ። እግዜር ይስጠው።

ጉድ ሠርቼው ነበር እኮ። የምርመራው ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ሐኪም «ክንድዎን ከፍ ያድርጉ» ሲለኝ ከደረቴ አላልፍ አለኝ። ቆይቶ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል የጋዋኑ ኮሌታ ወደ ውስጥ ታጥፎ አየሁት። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ፣ የታጠፈ ኮሌታ አይቼ መቼ አስችሎኝ ያውቃል? ብድግ አልኩና በዚያው በታመመው ቀኝ እጄ አቃናሁለት። የአይቸኩሌ ፊት አመድ መሰለ። እኔማ ሕመሙ ናላዬን አዙሮት ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። «ዶክተር፣ አንዳንዴ ይነሳል፣ ግን ያሠቃየኛል። ሁለቱንም ይጻፉልኝ» አልኩት። እንዳልኩት ጻፈ። ካሳው ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ አልቀረም። እስካሁን በነጻ ጨርቅ ስትቆርጥልኝ ለኖረችው ጎረቤቴ በካሳው ደሞዝ ልቆርጥላት ነው፤ ብር አልቀበልም ብላ አኩርፋ ነበር፣ በግድ እሺ አሰኘኋት።

ቅጹ ላይ «ክትባቱን የሰጠው ባለሙያ» የሚል መስመር ነበር። አይቸኩሌ እያመነታ አየኝ። «ልጄ ነች፣ ነርስ ነች ብለህ ጻፍ» አልኩት። ምን የሚያሳፍር አለው? ሐኪሙም መርፌው ትንሽ ከፍ ብሎ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ማንም ላይ ይደርሳል አለኝ። ደግሞ ያ ክትባት ከበሽታው አትርፎኛል። ሳይከተቡ የቀሩት የላይኛው ፎቅ ባልና ሚስት ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ።

ነርስነቱን ትተሽ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደምታሽጊ እህትሽ ነገረችኝ፤ አትቆጫት። እኔ የስንቱን ሱሪ አሳጥሬ አበላሽቻለሁ፣ መቀሴን ግን አልጣልኩም። ትከሻ ሱሪ አይደለም ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ግን ትከሻው የኔ ነው፤ እኔ ምንም ካልቀየምኩ ሌላው ምን አገባው? አንቺንም ጨምሮ።

ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ የዘንድሮውን ክትባት ልትወጋኝ መርፌዋን አዘጋጅታ ነበር። «ልጄ ለእረፍት ስትመጣ እሷ ትወጋኛለች» አልኳት። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች። ግራ ትከሻዬን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ።

ያንን እጅሽን ይባርክልኝ።

እናትሽ