እሸቱ በማን ስም ይግባ?

ውድ ገለቴ፣

ሰላምታዬ ከላስታ፣ ከእናቴ ጓዳ ይድረስሽ። ካንቺና ከወለጋ ከተለየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደርሻለሁ፤ ግን ከገባሁ ወዲህ በር አልወጣሁም። ከሠፈራ ጣቢያ የጠፋ ሰው ከተገኘ ይመለሳል፣ የደበቀውም ይታሰራል። ስለዚህ ከጎታው ኋላ እውላለሁ። ሙጃ ገበያ ላይ ታፍሼ ለሠፈራ ወደ እናንተ አገር ስወሰድ እናቴ ዘንድ የቀረችው ልጄ ሙሉዬ፣ ሰው ሲመጣ «እማዬ» እንዳትለኝ ተመክራለች።

ያኔ ክረምቱ ሲወጣ እርጥብ ሣር አስይዘሽ ወንዝ ይዘሽኝ ወረድሽ። «ክረምቱን ያሻገረን ፈጣሪ ሳይመሰገን እሸት አይቀመስም» አልሽኝ። እኔ ግን አፌ እምቢ አለ። «ልጄ ትብላ አትብላ ሳላውቅ ምን ብዬ ላመስግን?» ስልሽ አልተቆጣሽም። ሳምንት ሳይሞላ ስንቅ ቋጥረሽ መንገዱን አሳየሽኝ። ስንለያይ ያላልኩሽን ዛሬ ልበልሽ፦ እህቴ ነሽ።

እኛም ዘንድ እሸት ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ አይቀመስም። እሑድ ዕለት እናቴ አንድ እቅፍ የገብስ እሸት ይዛ ሄደች። ቄሳችን መምሬ ወልደ ኪዳን ተቀብለው፣

«በማን ስም ነው?» አሏት።

«በልጄ» ብላ አመለጣት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሻው አጠገቧ ቆሞ ኖሯል። «አለች እንዴ?» አለ።

«ምን ትኖራለች! ለነፍሷ ነው እንጂ።»

ቤት ገብታ ስትነግረኝ ደረቷን ትመታ ነበር። «በአፌ ገደልኩሽ» አለች። አልዋሽሽም ገለቴ፣ ከታፈስኩበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ፈራሁ። አገር ሞታለች ካለኝ፣ ከእንግዲህ በየትኛው በር ልወጣ ነው?

በማግስቱ መምሬ ጠበል ሊረጩ መጡ። ጓዳው በር ላይ ቆም አሉ። አይተውኝም እንደሆነ እንዳላዩ ሆኑ። እኔ እንድሰማ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አሰለች፣ የልጅሽን የክርስትና ስም የሻው አያውቀውም፤ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። በቅዳሴ ያነሳኋት ከሕያዋን ጋር ነው» አሏት።

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔ እንዳልጮህ ነጠላዬን ነከስኩ። ሙሉዬ ሾልካ ገብታ ከእሸቱ አንድ ጭብጥ አጎረሰችኝ፤ እያላመጥኩ አለቀስኩ።

በሩ ዛሬም እንደተዘጋ ነው። መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። ይህን የሚያደርስልሽ አብዱልጀባር የሚታመን ነጋዴ ነው፤ መልስሽን በእሱ ላኪ። ከላይ የእናቴን ስም ጻፊበት። ውስጡን ግን በስሜ ጀምሪው፤ ስሜን የሚጠራኝ ሰው ናፍቆኛል።

እህትሽ፣
ስሜነሽ