ግማሹ ግልባጭ

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ታናሽ እህትሽ ፌንጣ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ አንድ ከባድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ትተሽው የሄድሽውን ባለብረት አፍንጫ የሥራ ጫማ ትምህርት ቤት አድርጌው እሄዳለሁ። እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ግን ሰልፍ ላይ የሚረግጠኝ ሁሉ አሁን ራሱ ነው "ውይ!" የሚለው። ይቅርታሽን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ጫማውን ግን አልመልስም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ሥርዓት አጥቷል። እማዬ ሽንኩርቱን ሳትልጥ ድስቱን ትጥዳለች። "ይቺ መሐንዲስ ልጅሽ ብታይሽ!" ስላት "እሷ ብረቷን ትጠፍ፣ ድስቴን ለኔ ትተው" ትላለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትዝ ይልሻል፣ ከፍተኛ የምርት መሐንዲስ የሆንሽ ሰሞን ኩሽናውን በጠመኔ ከፋፍለሽ "መክተፊያው እዚህ፣ ማጠቢያው እዚያ፣ ዕቃ ወደ ኋላ አይመለስም" ብለሽ የደነገግሽው? አባዬ ውኃ ሊጠጣ ገብቶ መውጫው ጠፋበት። "አለቃዬ፣ የመውጫ ፈቃድ ከየትኛው ቢሮ ነው?" ሲልሽ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ነበር የሳቅሽው።

ያኔ ኩራቱ አይጣል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲበይድ በኖረበት ፋብሪካ ልጁ አለቃው ሆና መጣች! ጎረቤት ሁሉ "አለቃዬ ቁርሷን ሳትበላ ወጣች"፣ "አለቃዬ ዛሬ ራሷን አሟታል" የሚለውን መስማት ሰልችቶት ነበር።

ከዚያ ያ የጭነት መኪና አካል ሊገጠምለት መጣ። የሥራ ስዕሉ ላይ በእጅሽ "ግማሹ እንደሚታየው፣ ግማሹ ግልባጭ" ብለሽ ጻፍሽ። የመኪናውን ጎን የሚሸከሙት ክንዶች ግማሾቹ ለግራ፣ ግማሾቹ ተገልብጠው ለቀኝ ይሁኑ ማለትሽ ነበር። አባዬ ግን ግልባጭ የሚባለውን የሚያውቀው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ነው። ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት፤ ቅጂ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂ ሠራልሽ። ሁሉንም የግራ! አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ ብየዳው እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ እጅግ የሚያምር፣ ለምንም የማይሆን።

ገዢው መኪናውን ሊረከብ መጥቶ ቆሟል። አንቺም ሠራተኛው ሁሉ ባለበት "እርስዎ ስዕሉን ሳያነቡ ነው እንዴ የሚሠሩት?" አልሽው።

ያን ዕለት ማታ እማዬ ስታባብለው ሰምቻለሁ።

"ስህተት ነው፣ ማንም ላይ ያጋጥማል።"

"ስህተቱስ ይሁን! ብረት ነው፣ ይቆረጣል፣ ይበየዳል። 'እርስዎ' አለችኝ እኮ!"

"አክብራህ ነው።"

"አፏን ስትፈታ ጀምራ አንተ ስትለኝ ኖራ፣ ዛሬ ምን ብበድላት ነው የምታከብረኝ?"

አንቺ ደግሞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ፋብሪካ ልትሄጂ ሻንጣሽን ስታስሪ "ሰው ፊት አንተ ብለው፣ አለቃ ሆና አባቷን ናቀች አይሉኝም?" አልሽኝ። እኔም "ዋናው ነገር አልጋሽ ለኔ ደረሰኝ" ብዬ ቀለድኩ። ከምቀልድ ሻንጣው ላይ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ተቀምጬም አለመነሣት።

አሁን የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜ በሆነው ነገር ነው። ኩታራው ወንድማችን የሒሳብ የቤት ሥራውን ይዞ መጣና "የሦስት አራተኛ ግልባጭ ስንት ነው?" አለኝ።

"አራት ሦስተኛ።"

አባዬ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። "ቅጂው ራሱ ሦስት አራተኛ አይደለም እንዴ? ምንድን ነው የምታስተምሪው?"

"አባዬ፣ ግልባጭ ማለት መገልበጥ ነው። የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ።"

"ኧረ እናንተ ዘንድሮ የምትማሩት..." ብሎ ጀመረና ሬዲዮኑን ዘጋው። ሁለት መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

"ጠርጥሬ ነበር እኮ" አለ። "ሁለት ግራ ያለው መኪና የት አለ? ልጠይቃት ቢሮዋ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።"

"ለምን?"

"ወጣቶቹ 'ሽማግሌው ልጁን ሊያስፈቅድ ሄደ' እንዳይሉኝ።"

አንቺስ እትዬ? ወርደሽ ልታስረጂው አስበሽ "አባቴን ብየዳ ላስተምር ነው?" ብለሽ አልቀረሽም? እሱ ልጁን መጠየቅ አፈረ፣ አንቺ አባትሽን ማስረዳት አፈርሽ፤ በሁለት ትልልቅ ሰዎች ይሉኝታ አንድ ምስኪን መኪና ቀኝ አልባ ሆነ። እኛ ልጆች ብንሆን ተሰዳድበን፣ ፀጉር ተጓትተን፣ እስከ ምሳ እንታረቅ ነበር።

የፊታችን ዓርብ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው፤ ጡረታ ይወጣል። ሠራተኞቹ ሊሸኙት ተሰናድተዋል። እማዬን "ማንንም እንዳትጠሪ" ብሏታል። ማንንም ማለት አንቺን ነው። ስትደውዪ ተነሥቶ ወደ ግቢ እንደሚወጣ እማዬ ነግራሻለች፤ ያልነገረችሽ መስኮቱ ሥር እንደሚቆም ነው። እኔም አውቄ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደርገዋለሁ።

ስለዚህ ነይ። ስጦታ አያስፈልግም፣ ንግግርም አታዘጋጂ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብለሽ "አንተ" በይው፤ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል። አባዬ በጣም ጸጽቶታል፤ አፉ ግን

"ፌንጣ!"

ተያዝኩ። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ያለ ኀፍረት እያነበበ ነው። "ማነው ጸጽቶታል ያለሽ? ሰርዢው!" ይለኛል። እሺ አባዬ፣ ይኸው ልሰርዘው ነው፣ ብዕሬም እዚያው

"ፌንጣ... ተይው። እንዳለ ይሂድ።"