ለዴሊዛ ሲባል ዝም ስላለው ሳይረን

ለክቡር አቶ ሴሌስቲኖ ባልዳዶ
የፑንታ ማላያግ በረዶ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ እርስዎም ክብርት ባለቤትዎም ዓይናችሁ ጠርቶ፣ ጉሮሯችሁ ለስልሶ፣ ሳንባችሁ እንደ ልቡ አየር እየሳበ እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። ሌላው ሰው ጤና ሲመኝ ዓይንና ሳንባን ለይቶ እንደማይጠራ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት በረዶውን ከሚያቀዘቅዘው ጋዝ ከአሞኒያ ጋር የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ያ ጋዝ ከቧንቧው ያመለጠ ዕለት ከሰው ገላ አስቀድሞ የሚይዘውን ስለማውቅ፣ ምኞቴን እዚያው ላይ ማሳረፍ መርጫለሁ።

ስሜ ኤውሴቢዮ ላጉንዳይ ነው። የማሽን ክፍሉ የቀን ፈረቃ ኃላፊ ነኝ፣ ወይም እስከ ትናንት ነበርኩ፤ ትናንት የፋብሪካው አርባኛ ዓመት በዓል አልፎ እስከሚመጣው ሰኞ ድረስ እቤቴ እንዳርፍ በደግነትዎ ታዝዟል። ዕረፍት ስላልለመድኩ ምን እንደሚሠራበት ጨንቆኝ ደብዳቤ እየጻፍኩበት ነው። በቢሮ በኩል የላክኋቸው ሦስት ሪፖርቶች ያስገኙልኝ ምላሽ አንድ የምስጋና ወረቀትና “በጎ አስተሳሰብ በሥራ ቦታ” የተባለ የግማሽ ቀን ሥልጠና ስለነበር፣ ይህኛውን በዓሣ ገበያው መግቢያ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። እዚያ ቢያንስ ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው ያነበዋል። ምስጋናዬና ቅሬታዬ እንዳይደባለቁብዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ፍሎርዴሊዛ ማግባኑዋን ስላከበሩልን አመሰግናለሁ። ለማያውቋት የገበያው አንባቢዎች፣ ዴሊዛ የሟቹ የመረብ ሠሪው የኢስኮ ልጅ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት፤ የሰው ዓይን አታይም፤ ቀልድ ሲነገራት “ይኼ እውነት ነው ወይስ ቀልድ?” ብላ ታጣራለች፤ ውሸት ደግሞ ጨርሶ አልተፈጠረባትም። ወለል ጠራጊ ሆና በገባች በሁለተኛው ወር ወደ እኔ መጥታ “ማኖንግ፣ አንደኛዋ ታማለች” አለችኝ። ማኖንግ የምትለኝ እንደ ታላቅ ወንድሟ ስለምታየኝ ነው፤ እኔም እንደ ታናሽ እህት ኢንዳይ እላታለሁ። እኔ ሞኙ ሳቅሁና “ምነው ኢንዳይ፣ ትኩሳቷን ለካሻት?” አልኳት። “አይ፣ ድምፅዋን ነው የሰማሁት። ትኩሳቷንም ከፈለግህ ቴርሞሜትር ስጠኝ” አለችኝ። በማግሥቱ አንደኛዋ ኮምፕሬሰር ስትፈታ ኩሽኔታዋ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ለአራቱም ኮምፕሬሰሮች ከአባቷ የመረብ ሲባጎ አንዳንድ ገመድ ሰቀለችላቸው። በየሰዓቱ አጠገባቸው ቆማ ታዳምጥና ድምፁ ደህና ከሆነ ነጠላ፣ ከሻከረ ድርብ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ፈረቃ የሚረከብ ሰው ፊደል ባይቆጥር እንኳ ገመዱን በጣቱ ዳስሶ ማሽኗ እንዴት እንደዋለች ያውቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ብልሽት ሳይደርስ ያዝንበት። በክፍለ ሀገሩ የፈጠራ ውድድር ላይ ሽልማቱን የተቀበሉት እርስዎ ነበሩ፤ ንግግርዎ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠሩት፣ አንዱን ጊዜ በትክክል። ፎቶዋም “የተለየ አእምሮ፣ አዲስ መንገድ” ከሚል ጽሑፍ ጋር በበሩ ላይ ተሰቀለ።

ሁለተኛ፣ ከማኒላ ያስመጧቸው አማካሪዎች እንደ እርሷ ላሉ ሰዎች የሚስማማ የሥራ ቦታ አስፈላጊ ነው ባሏችሁ ጊዜ፣ ምን እንደሚስማማት እርሷን በመጠየቅ ሳታደክሟት ከማሽን ክፍሉ አውጥታችሁ ፎቅ ላይ የመስታወት ክፍል ስለሠራችሁላት አመሰግናለሁ። እንግዶች ሲመጡ በመስታወቱ ውስጥ ይጎበኟታል፤ እርሷም ለማሳያ ያህል ለማንም የማይሆን ቋጠሮ ትቋጥርላቸዋለች። ጆሮዋ እንጀራዋ ለነበረች ሴት ድምፅ የሚከለክል ውድ የጆሮ መሸፈኛ ሸለማችኋት። ለዓሣ አጥማጅ እግሩ እንዳይረጥብ ታዝኖለት ጀልባው ሲወሰድበት ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ ማሽን ክፍሉ እንዳትወርድ ደግሞ በሩ ላይ “ለራሷ ደኅንነት ሲባል” የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እርሷም ማስታወቂያ ታከብራለችና አልወረደችም።

ሦስተኛ፣ አራቱ ገመዶች ከማሽኖቹ ላይ ወርደው ወርቅ በተቀባ ክፈፍ ውስጥ ስለገቡና የእንግዳ መቀበያውን ስላሳመሩ አመሰግናለሁ። “ደስ የሚል የእጅ ሥራ ነው” ብለው ለከንቲባው ሲያሳዩ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ከግራ ሦስተኛው ገመድ የሦስተኛዋ ኮምፕሬሰር ነው። ከታች ወደ ላይ ቢቆጥሩት የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቋጠሮዎች በሙሉ ድርብ ናቸው። በዚህ ፋብሪካ ታሪክ በተከታታይ ከአራት በላይ ድርብ ታይቶ አያውቅም። ከንቲባው ከነቤተሰባቸው ፎቶ የተነሡት እዚያ ክፈፍ ፊት ነው፤ ትንሿ ልጃቸው በጣቷ የምታመለክተውም ያንኑ ገመድ ነው።

በገመዶቹ ቦታ የተተካው ስክሪን መቼም ቢሆን አረንጓዴ ነው። አማካሪዎቹ እንዳስረዱን ስክሪኑ የማሽኖቹን ጤናማ ድምፅ ለመማር ሦስት ወር አዳምጧል። ያ ሦስት ወር ደግሞ ሦስተኛዋ መታመም ከጀመረች በኋላ ነበር። በሽተኛዋን ጤነኛ ብሎ የተማረ ሐኪም ገዝተንላታል ብዬ በሪፖርቴ ጻፍኩ፤ ሥልጠናው የታዘዘልኝ ያኔ ነው።

አራተኛውን ምስጋና ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የእኔም እጅ አለበት።

እንደሚያውቁት በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ለሠራተኛው በስጦታ ያበረከቱት ካራኦኬ፣ ያ ለዘፋኝ ነጥብ የሚሰጠው የዘፈን ማሽን፣ ከማሽን ክፍሉ በር ፊት ለፊት ይዘረጋል፤ እርስዎም ያዜማሉ። ማሽኑም እንደ እኛው ፈሪ ነውና ዘጠና ስምንት ነጥብ ይሰጥዎታል። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ጀልባዎቹ ለቅዳሜ በረዶ የሚጭኑበት ሰዓት በመሆኑ ኮምፕሬሰሮቹ ሙሉ ጭነት ይሸከማሉ። ዴሊዛ ገና ማሽን ክፍል ሳለች መጣችና እንዲህ አለችኝ፦ “ማኖንግ፣ ዓርብ ዓርብ ዘፈኑ ይቁም። ሦስተኛዋ የሚያማትን የምትናገረው ጭነት ሲበዛባት ነው፤ ያን ሰዓት ደግሞ አለቃ ይጮሃሉ።”

እኛ የዚህ አገር ሰዎች አለቃ ሲዘፍን “ይብቃዎት” የምንልበት አፍ አልተሰጠንም። ስለዚህ ለኢንጂነር ሮጋሲያኖ “ኢንጂነር፣ ዴሊዛ ዓርብ ከሰዓት ድምፅ ትንሽ ይበዛባታል መሰለኝ” አልኳቸው። ዘፈን አላልኩም። ኢንጂነሩ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ለወይዘሮ ማሪቬል “የልጅቷ ጆሮ ስስ ነው፣ የግቢው ጩኸት ያስቸግራታል” አሏቸው። ዓርብን አላነሡም። ወይዘሮ ማሪቬል ደግሞ በስብሰባው ላይ በአክብሮት ቆመው “ክቡርነትዎ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጣቸዋል፤ ለምሳሌ ሳይረን” አሉ። እርስዎም ጠረጴዛውን መታ አድርገው “በቃ፣ ዝም ይበል! ለአንዲት እህታችን ስንል ሳይረን ማጥፋት ያቅተናል?” ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሳጨበጭብ እጄ ምን እየሠራ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ እስካሁንም አፍርበታለሁ።

እነሆ የአሞኒያው ማስጠንቀቂያ ሳይረን በሰማያዊ አምፖል ተተካ። አምፖሉ የተሰቀለው ከማሽን ክፍሉ በር በላይ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ “እንኳን ለአርባኛው ዓመት አደረሰን” የሚለው ሸራ ከፊቱ ተወጥሯል። ካራኦኬው በክብር ቀጥሏል። ዴሊዛ ነገሩን ስትሰማ “ሳይረኑ አላስቸገረኝም። ጠቃሚ ድምፅ ነው። ማን ነው አስቸገራት ያለው?” ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ነን ማለት አቅቶኝ ስለ ምሳዋ ጠየቅኋት። “የጠየቅሁህ ስለ ምሳ አይደለም” አለችኝ፤ ትክክል ናት።

አምስተኛ፣ ዴሊዛ በመስታወት ክፍሏ ውስጥ መዳፏን ከብረት ምሰሶው ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ የምትቆመውን የሰው ኃይል ክፍል “ራሷን የምታረጋጋበት ልማድ” ብሎ በፋይሏ ስለመዘገበላት አመሰግናለሁ። ያ ምሰሶ እስከ ማሽን ክፍሉ ወለል ይወርዳል። ጆሮዋን ብትሸፍኑባት በእጇ ነው የምታዳምጠው። ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቃኝ ዓይኗን ከጫማዬ ላይ ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦

“መንቀጥቀጡ ከማሽኗ ወጥቶ ቧንቧው ውስጥ ገብቷል፣ ማኖንግ። ከበሩ በላይ ያለው ብየዳ አይችለውም።”

“መቼ ነው ኢንዳይ?”

“ዛሬ ሊለቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከዛሬ የበለጠ ጭነት ያለው ቀን መቼ ነው?”

መልሱን እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። የፊታችን ዓርብ በዓሉ ነው፤ ጀልባዎቹም ሆኑ የበዓሉ ድግስ እጥፍ በረዶ አዝዘዋል። መድረኩ በዚያው በር ፊት ለፊት ይቆማል፤ ሠራተኛው ከነልጆቹ ተጋብዟል፤ ነፋሱም በዚህ ወር ሙሉ ከማሽን ክፍሉ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው የሚነፍሰው። ይህን በሦስተኛው ሪፖርቴ በሥዕል ጭምር አስረድቼ ነበር። ኢንጂነር ሮጋሲያኖ ብየዳውን ከታች ቀና ብለው አይተውት “ቀለሙ እንኳ አልተላጠም” ብለዋል፤ መሰላል ለማስመጣት ሸራው መነሣት ስለነበረበት አልተወጣም።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ከምስጋናዬ ያጠረ ነው። ሦስተኛዋን ኮምፕሬሰር ያጥፏት፣ ሳይረኑን ይመልሱ፣ ዴሊዛን ለአንዲት ሰዓት ብቻ ወደ ማሽን ክፍሉ ያስወርዷት። በዓሉ በሦስት ኮምፕሬሰር ይከበራል፤ በረዶው ቢጎድል መጠጡ ለብ ይላል እንጂ ሰው አይሞትም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አፌዝብዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ፈርቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የበዓሉ ዕለት ዘፈንዎን ቢያቋርጡ በመላው ግቢ ቅር የሚለው አንድም ሰው እንደማይኖር ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ባገለገለ አፌ አረጋግጥልዎታለሁ። ይህን ማለት የነበረብኝ በዚያች ዓርብ ነበር።

ክብርዎ ከፍ እንዳለ፣ ድምፅዎ እንዳማረ፣ ወንበርዎ እንደጸና ይቆይልኝ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታዘዝኩት ዕረፍት ላይ ሆኜ እጅ የምነሣው፣ የሚያጨበጭብ እጁን እስከ ወዲያኛው ያጠፈው ታዛዥዎ፣

ኤውሴቢዮ ላጉንዳይ
ረቡዕ፣ ፑንታ ማላያግ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልወጣ ስል ጸሐፊዎ ደወለችልኝ። እርስዎ በበዓሉ ዕለት ለዴሊዛ የፈጠራ ሜዳሊያ እንደሚያጠልቁላትና ከፊተኛው ረድፍ፣ ከማሽን ክፍሉ በር አጠገብ፣ የክብር ወንበር እንዳዘጋጁላት እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዴሊዛ “አልመጣም። ግን ማኖንግ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው እንዳያስቀምጡ ንገራቸው” አለችኝ። ቀጥላም በጠቅላላው ስንት ወንበር እንደተደረደረ፣ ከእነርሱም ስንቱ የልጆች እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም፤ የወንበሩን ማዘዣ የፈረሙት እርስዎ ነዎትና ቁጥሩን ይንገሯት፤ እርሷ እንደሆነች እውነቱን ሳያውቁ መተኛት ከማይችሉ ሰዎች ናት።